ከመጋዘኑ በስተኋላ

ሽማግሌዎቹ የተቀጠሩት ለስምንት ሰዓት ነበር፤ ለስምንት አምስት ጉዳይ ላይ በሩን አንኳኩ። ሳጂዳ ከወጥ ቤት ሆና የግድግዳውን ሰዓት አየችና ሳታስበው ፈገግ አለች። በዚህ ከተማ ለእሁድ ቀጠሮ አምስት ደቂቃ ቀድሞ የሚደርስ ከባቡር ጡረተኛ በስተቀር ማን አለ?

ፈገግታዋ ብዙ አልቆየም። እነዚህ ሰዎች ገርጂ ወዳለው የአባቷ ቤት ሲመጡ ይህ ሦስተኛቸው ነው። የመጀመሪያ ጊዜ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ አባቷ ሐጂ አብዱልገኒ «ልጁን አናውቀውም፤ እናጣራ» ብለው መለሷቸው። አምና ከኢድ በኋላ ተመልሰው ሲመጡ ደግሞ «ልጁ መጥፎ አይደለም ይባላል፤ ግን ሰው የለውም» አሉ። አጎት የለው፣ ወንድም የለው፤ ሽማግሌ እንኳ የሚልከው ከካፌ ለቃቅሞ ነው ማለታቸው ነበር። ዛሬም እንቢ ካሉ አራተኛ የሚባል ነገር የለም። ነገሩ ያልቃል።

ሳጂዳ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ኦሎምፒያ ባለ ፋርማሲ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች፤ ማታ ጫማዋን ስታወልቅ እግሯ የሌላ ሰው ይመስላታል። ያም ሆኖ ከእግሯ ይልቅ የደከማት መጠበቁ ነበር። ያለ አባቷ ምርቃት ከዚህ ቤት መውጣት እንደማትችል ታውቃለች። ሽማግሌዎቹን የላከው ሙስአብም ያውቃል፤ አንድ ቀን እንኳ «እንጥፋ» ብሏት አያውቅም። አንዳንዴ ባለማለቱ ትናደድበታለች።

ከሙስአብ ጋር የተዋወቁት በአንድ ስህተት ነው። መገናኛ፣ አንድ የገበያ ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ ከቁም ሳጥን ብዙም የማትሰፋ ሱቅ አለችው፤ የድሮ ካሴትና የድሮ ፊልም ወደ ፍላሽ ይገለብጣል። ሳጂዳ የሟች እናቷን ምስል የያዘ የሰርግ ካሴት ወስዳ ሰጠችው። ፍላሹን ቤቷ ከፍታ እናቷ ስታጨበጭብ እያየች እንባዋ ሲመጣ፣ ድንገት ምስሉ ተቆረጠና በሰርጉ መሃል አንድ ባቡር ያለ ድምፅ አለፈ። ከዚያ እናቷ ማጨብጨቧን ቀጠለች።

ደወለችለት። «ይቅርታ፣ በእናቴ መሃል ባቡር አልፏል እኮ።»

ሙስአብ ጠየቃት። «ስንት ፉርጎ ነበረው?»

«ምን?»

«ካየሽው ብዬ ነው። ባለ ዘጠኝ ፉርጎው ጠፍቶብኝ ሳምንት ሙሉ ስፈልገው ነበር አቦ።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን መልሳ ደውላ «ዘጠኝ» አለችው። ለምን እንደቆጠረች ለራሷም አልገባትም።

አባቱ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ ሙስአብ ዘጠኝ ዓመቱ እያለ ድሬዳዋ ላይ ሞተ። እናቱም ብዙ አልቆየችም። የሚያስታውሳቸው ዘመዶች የሉትም፤ የሚያስታውሰው ባቡር ነው። የድሮውን ምድር ባቡር የሚያሳይ ፊልም ከየትም ብሎ ያገኛል፤ አቧራውን ያጸዳል፤ አርብ አርብ በቴሌግራም ይለጥፋል። የሚወዱለት ሰዎች ሺህ አይሞሉም፤ ግማሾቹ ጡረተኞች ናቸው። እሁድ እሁድ ኦሎምፒያ አንድ ካፌ ተሰብስበው ፊልሙን ያያሉ፤ ባቡሩ ከስክሪኑ እስኪወጣ ማንም አይናገርም፤ ከወጣ በኋላ የቱ ጣቢያ እንደሆነ፣ የቱ ሞተር እንደሆነ፣ ማን ይነዳው እንደነበር እስኪመሽ ይጨቃጨቃሉ። ሙስአብ ሰው አለው ከተባለ እነዚህ ናቸው።

ባለፈው አርብ ከሥራ ስትወጣ ሱቁ ሄደች። አባቷ የሚነግዱበት የሾላ ገበያ ነጋዴዎች በሱቁ ደጅ ስለሚያልፉና ሁሉም አባቷን ስለሚያውቁ፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው አያውቁም። ጎን ለጎን ሆነው ወደ ኮምፒውተሩ ይዞራሉ፤ የሚተያዩት በጠፋው ስክሪን ጥቁር መስታወት ላይ ነው። አራት ዓመት እንዲያ ተያይተዋል።

«በወሩ መጨረሻ ልቀቁ ተብለናል፤ ሕንፃው ሊፈርስ ነው» አላት መስታወቱ ውስጥ እያየ። «ሌላ ሱቅ አየሁ፤ አልተቻለም። ድሬ ልገባ ነው።»

«መቼ ነበር ልትነግረኝ?»

«አሁን።»

ከራሱ ላይ አንድ ሽበት አየች። አምና አልነበረም፤ ወይም አምና አላየችውም።

«እሁድ አባቴ እንቢ ካሉ እኔም ደክሞኛል ሙስአብ።»

«ደክሞኛል ማለት?»

«ደክሞኛል ማለት ደክሞኛል። ሌላ ትርጉም የለውም።»

ስክሪኑን አበራው፤ ሁለቱም ከመስታወቱ ጠፉ።

አሁን ያ እሁድ ደርሷል። በወጥ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ያለው በር ገርበብ ብሏል፤ ሳጂዳ ክፍተቱ ጋ ቆማለች። የአባቷ እህት ዘሃራ ሻዩንና የመጀመሪያውን ሳህን ሳሎን አቅርበው ተመልሰው፣ ከኋላዋ ተጨማሪ ሳምቡሳ እየደረደሩ ያጉረመርማሉ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች በሳሎኑ መሃል ቆመዋል። መሪያቸው አቶ ሰይድ፣ የድሮ ቲኬት ተቆጣጣሪ፣ እንደ ሸምበቆ ቀጭንና ቀጥ ያሉ ናቸው። አጠገባቸው ወፍራሙ አቶ ተካልኝ፣ የባቡር ነጂ የነበሩት፣ ታብሌት በብብታቸው ይዘዋል። ሦስተኛው አቶ ኣፅብሃ የጣቢያ ኃላፊ ነበሩ፤ ጆሯቸው ስለደከመ ሁሉንም ነገር በፈገግታ ያልፉታል።

«አረፍ በሉ እንጂ» አሉ ሐጂ አብዱልገኒ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ሐጂ» አሉ አቶ ሰይድ። ወጉ ነው፤ ሽማግሌ ቆሞ ይናገራል፤ የመጣበትን ሳይናገር አይቀመጥም፣ እህል አይቀምስም።

«ሀዬ፣ መልካም። ግን ከዚያ በፊት እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ።» ሐጂ ሻይ እንደሚያማስል ሰው ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። «ይህ ልጅ ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው? የሞተ ባቡር ያሳያል አሉኝ። በሾላ ሲስቁብኝ ሰነበቱ።»

የአቶ ተካልኝ ፊት ቀላ። «የሞተ? ሐጂ፣ ይፍቀዱልኝ፣ ላሳይዎትና ይፍረዱ።»

«ተካልኝ፣ በኋላ» አሉ አቶ ሰይድ።

«በኋላ አይሆንም! ሰውየው ሥራውን ጠየቁ፤ ሥራው ይኸው።» ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። ጠረጴዛው ዝቅተኛ ነው። ቆሞ ለሚያይ የመስኮቱ ብርሃን ያንጸባርቅበታል። አቶ ተካልኝ ጎንበስ አሉ፤ ጉልበታቸው እንቢ ሲላቸው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አቶ ኣፅብሃ ተከተሏቸው። አቶ ሰይድ ትንሽ ካመነቱ በኋላ እሳቸውም ተቀመጡ።

«ተቀመጡ?» አሉ ዘሃራ ከኋላ።

«ተቀመጡ።»

«ሳይናገሩ?»

ሳጂዳ ወደ ክፍተቱ ይበልጥ ተጠጋች።

ፊልሙ ድምፅ የለውም። አንድ የውጭ አገር መንገደኛ በስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት አካባቢ ያነሳው ነው ብሎ ሙስአብ ነግሯት ነበር። አንድ ረጅም ግንብ፣ ከሥሩ ሐዲድ፣ በሐዲዱ ላይ ቀስ እያለ ወደ ኋላ የሚገፋ ባቡር። ወገባቸውን በጨርቅ ያሰሩ ወጣቶች ጆንያ ተሸክመው ከፉርጎ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። ባቡሩ ከስክሪኑ እስኪወጣ ሳሎኑ ውስጥ የሚተነፍስ አልነበረም።

«ሞጆ» አሉ አቶ ተካልኝ፣ እንደወጣ።

«የምን ሞጆ! አዋሽ ነው» አሉ አቶ ሰይድ። «ግንቡን አታይም?»

«ሰላሳ ዓመት የነዳሁት እኔ፣ ጣቢያ የምትነግረኝ አንተ? አንተ ቲኬት ስትበሳ መስኮት መቼ አየህ?»

«እኔ እንኳ መስኮት አያለሁ፤ አንተ አዋሽ ድልድይ ላይ ተኝተህ እንዳለፍክ ሁላችን እናውቃለን።»

«ተኝቼ አልነበረም! ጸሎት ላይ ነበርኩ!»

አቶ ኣፅብሃ ፈገግ ብለው አንድ ሳምቡሳ አነሱ። ሳጂዳ ዓይኗን ጨፈነች። በሉ ማለት ነው። ጉዳያቸውን ሳይናገሩ በሉ።

«ለገሃር ነው።»

የተናገሩት ሐጂ አብዱልገኒ ነበሩ። ሁሉም ዞረው አዩዋቸው።

«ለገሃርን እኛ አናውቅም ሐጂ?» አሉ አቶ ተካልኝ በትሕትና እየሳቁ።

«ከፊት አይደለም። ከመጋዘኑ በስተኋላ ነው። እዚያ ጥግ ላይ ቧንቧ አለ፤ አይዘጋም፤ ሁሌም ይንጠባጠባል። ድገሙትማ፣ ታያላችሁ።»

ደገሙት። ቧንቧው ነበር። ለአንድ አፍታ ብቻ፣ ከአንድ ተሸካሚ ትከሻ በላይ፣ ከሥሩ ያለው መሬት ረጥቦ ታየ። አቶ ተካልኝ በጭብጨባ ጠረጴዛውን ሊገለብጡት ደረሱ።

«ወይ ጉድ! ልክ ነዎት! ግን እንዴት አወቁ?»

«ያኔ ዕቃ እልክ ነበር» አሉ ሐጂ ቶሎ ብለው።

አቶ ሰይድ የሻይ ብርጭቆውን ወደ አፋቸው ሲወስዱ እጃቸው መሃል ላይ ቆመ። «ነጋዴ እኮ ወደ ኋላ በኩል...» ብለው ጀመሩ፤ ከዚያ የሐጂን ፊት አዩና ተዉት። «አዎ፣ አዎ። አንዳንዱ ይገባ ነበር» አሉ፤ ሻዩንም ጠጡ።

ሳጂዳ የአባቷን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። በአባታቸው ገንዘብ ከደሴ መጥተው በሾላ ገበያ የቅመም ሱቅ ከፈቱ፤ ሱቁ ሦስት ሆነ፤ ከዚያም ሕንፃ ሠሩ። በዚያ ታሪክ ውስጥ የሚንጠባጠብ ቧንቧ አልነበረም።

«አንዴ ድገሙት» አሉ ሐጂ። ካበቃ በኋላም «እንደገና» አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉ።

ለአቶ ተካልኝ ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ? ፊልሙ የትኛው ዓመት እንደሆነ፣ ሞተሩን ማን እንደያዘው፣ ደመናው የሐምሌ ይሁን የነሐሴ፣ ሁሉም ተነሳ። ተሰደቡ፣ ተሳሳቁ፣ ሳህኑ ባዶ ሆነ። የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ ሐጂና አቶ ሰይድ ሰግደው ተመለሱ፤ ክርክሩ ካቆመበት ቀጠለ። በመጨረሻ አቶ ሰይድ ሰዓታቸውን አዩና «አስር ሰዓት! ሰዓታችን አለፈ» ብለው ብድግ አሉ። እጃቸውን ዘርግተው ቤቱን መረቁ። ሐጂ እስከ ውጭው በር ሸኟቸው።

ሳጂዳ አሁንም በሩ ሥር ቆማ ነበር። አቶ ተካልኝ ከግቢው ሲወጡ ሲስቁ ይሰማታል። የብረት በሩ ተዘጋ።

«ምን አሉ?» አሉ ዘሃራ።

«ምንም።»

«ምንም ማለት እንቢ ማለት ነው?»

«ምንም ማለት አልጠየቁም አክስቴ። ረሱት።»

ዘሃራ ባዶውን ሳህን ይዘው ቆመው ቀሩ። «ወላሂ፣ እነዚህን ሰዎች ባቡር ያስነዳቸው ማነው!»

ሳጂዳ ሳቀች። ሳቁ አላቋርጥ አላት፤ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጢጥ ብላ፣ አፏን በሻሿ ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቅ መሆኑ ቀረ። አክስቷ ሳህኑን አስቀምጠው ጀርባዋን ያሹላት ጀመር። «አብሽሪ» ይላሉ። «አብሽሪ የኔ ልጅ።»

ሲቆይ ስልኳ ጮኸ። ሙስአብ ነበር፤ ጽሑፍ።

«ሽማግሌዎቹ መገናኛ ደርሰዋል። እንደወረዱ አየኋቸው። ተካልኝ እያወራ መጥቶ እኔን ሲያይ ቃል ከአፉ ጠፋ። ሰይድ መሬት መሬት ያያል። ምን ተባላችሁ ብዬ አልጠየቅኳቸውም፤ ፊታቸው ነገረኝ። ሳጂ፣ አባትሽን አልቀየምኳቸውም። አንቺ ግን አታልቅሺ። ሳጥኖቹን ዛሬ ማሰር እጀምራለሁ። የእናትሽን ካሴት አንድ ቅጂ ለራሴ አስቀርቼ ነበር፤ ባቡሩ ያለበትን። ይቅር በይኝ፣ አልመልሰውም።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። መልስ መጻፍ ጀመረች፤ አጠፋችው። ምን ትለዋለች? አራት ዓመት ጠበቅን፤ ሰዎቻችን ግን በአንድ ቧንቧ ምክንያት ረሱን? ፊቷን ታጥባ ወደ ሳሎን ገባች።

አባቷ ሽማግሌዎቹ የነበሩበት ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ታብሌቱ ፊታቸው ነው፤ አቶ ተካልኝ እሱንም ረስተውታል። ሐጂ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ተሸካሚዎቹን አንድ በአንድ ያቆማሉ፣ ይለቃሉ፣ ያቆማሉ።

«አባ፣ ሽማግሌዎቹ ጉዳያቸውን እንደረሱት አውቀው ነበር?»

ቀና አላሉም። «ከተቀመጡ ጊዜ ጀምሮ።»

«እና ዝም አሏቸው?»

«ዝም አልኩ። በር ድረስ ሸኘኋቸው።» ጣታቸውን ከስክሪኑ አላነሱም። «ቢጠይቁኝ ኖሮ እንቢ ልል ነበር። መልሱን ከጁምዓ ጀምሬ አዘጋጅቼ ነበር።»

ሳጂዳ ልትቆጣ ፈለገች። ቁጣው የሚመጣበትን ቦታ ፈለገች፤ ባዶ ሆኖ አገኘችው። «ለምን ሦስት ጊዜ አስደገሙት?» አለች ብቻ።

ሐጂ አብዱልገኒ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞሩት። ጆንያ የተሸከመ ልጅ አንድ እግሩን አየር ላይ እንዳነሳ ቆሟል።

«ይህን አውቀዋለሁ። ከላስታ ነበር የመጣው። ይኼኛው የሚስቀው፣ ጥርሱ የተሰበረ፣ እሱንም አውቀዋለሁ።» ጣታቸው ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ሄደ፤ ካሜራው ወደሚያቆምበት። «እኔ እዚህ ጋ ነው የምቆመው። ከቧንቧው ቀኝ። ሁለት ክረምት እዚህ ጋ ቆሜአለሁ። ሰውየው ካሜራውን ትንሽ ቢያዞረው ኖሮ...» እጃቸውን መለሱ። «አራት ጊዜ አየሁት። የለሁበትም።»

ሳጂዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። አባቷ እንዲህ ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም፤ ድምፃቸው ወጣትም ሽማግሌም አልነበረም።

«ማታ ባዶ ፉርጎ ውስጥ እንተኛ ነበር። ዘበኛ ሲያባርረን አንድ የባቡር ሠራተኛ ቤቱ ወሰደኝ። ክረምቱን ሙሉ አሳደረኝ። ከየት ነህ፣ የማን ልጅ ነህ አላለኝም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ስሙ ጠፋብኝ ሳጂዳ። ሰዎቹ ሲጨቃጨቁ እኔ ስሙን ስፈልግ ነበር።»

ውጭ አንድ መኪና አለፈ። ሐጂ መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ።

«አምና ምን ብዬ ነበር የመለስኳቸው?»

ታውቃለች፤ እሳቸውም ያውቁታል። ቢሆንም ጠይቀዋታልና መለሰችላቸው። «ሰው የለውም ብለው።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ከዓይናቸው አርቀው ይዘው ቁጥር ፈለጉ።

«ሃሎ፣ አቶ ሰይድ? አብዱልገኒ ነኝ። ዕቃ ረስታችኋል። ...አዎ፣ ታብሌቱን።» ከወዲያ በኩል የአቶ ሰይድ ድምፅ በፍጥነት ሲለማመጥ ተሰማ። ሐጂ ጥቂት አዳመጡና አቋረጧቸው። «ይተዉት ይቅርታውን። ያልጠየቃችሁኝን ነገር ልመልስላችሁ አልችልም፤ ተመለሱና ጠይቁኝ። ዛሬ። ለአሥራ ሁለት ሰዓት።»

ስልኩን ዘግተው ተነሱ፤ ሶፋዎቹን ከጠረጴዛው ራቅ ራቅ ማድረግ ጀመሩ። ታብሌቱን አንስተው ለሳጂዳ ሰጧት።

«ይህን ነገር ደብቂው። ተናግረው ሳይጨርሱ እንዳያዩት።»

ሳጂዳ ታብሌቱን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። አክስቷ ዘይቱን መልሰው ጥደዋል፤ ስንት ሳምቡሳ እንደቀረ እየቆጠሩ የባቡር ሰው ሆድ ይረግማሉ። ለሙስአብ ጻፈች፦ «ሳጥኑን አትሰር። ሰዎችህ ዕቃ ረስተው ነበር፤ እየተመለሱ ነው።» ላከችው። ወዲያው ሲያነበው አየች። ይጽፋል፣ ይተዋል፣ ይጽፋል፣ ይተዋል። ምንም አልመጣም። እሷም አልጠበቀችም፤ ፊቱን መስታወት ሳያስፈልጋት አየችው።

ደስታው ግን ገና አልደረሰም። ቀድሞ የደረሰው ድካሙ ነበር። ከወገቧ ጀምሮ፣ ከጉልበቷ፣ ከእግሯ ጣቶች፣ አራት ዓመት ሙሉ ተራውን ሲጠብቅ የኖረ ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣ። የወጥ ቤቷን ዝቅተኛ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

ለአሥራ ሁለት አምስት ጉዳይ ላይ በሩ ተንኳኳ።

«መጡልሽ! ተነሺ እንጂ፣ ሻዩን አቅርቢ!» አሉ ዘሃራ።

ሳጂዳ ልትነሳ አሰበች፤ እግሯ አልታዘዛትም። ከሳሎኑ የአቶ ሰይድ ድምፅ ይሰማል፤ ቆመው ነው የሚናገሩት፤ ሁሉም ቆመዋል።

«ትንሽ ልቀመጥ አክስቴ» አለች ዓይኗን ጨፍና። «አራት ዓመት ቆሜአለሁ።»